የመኪናው በር እጀታ

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ተረት ነው የሚል ካለ ጀውሃ ድረስ ይምጣና ፊት ለፊት ይከራከረኝ።

ሰዓቱ ቀን ሰባት ነበር። ወበቁ ትንፋሽ የሚያሳጥርበት ሰዓት...

አሮጌ ሚኒባስ ገዝቼ አልጋ፣ ምድጃና ቬንቲሌተር አስገባሁበት። ከባለቤቴ ከሐይማኖት ጋር እየኖርንበት አገር ልናይ ነበር። ለጊዜው ከእትዬ ራቢዓ ምግብ ቤት ጎን አቁመን፣ መብራት ከእሳቸው በገመድ ሳብን።

ሶኬት እንዲያስገቡልኝ የጠራኋቸው ጋሼ ሰዲቅ ከጅምሩ ጨቀጨቁኝ።

"ሦስተኛው ሽቦ የታለ? ወደ መሬት የሚወርደው?"

"ጎማ ላይ ለቆመ መኪና የምን መሬት? ኒውትራሉን፣ መላሹን ሽቦ፣ ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር ያያይዙትና ይገላገሉ።"

"ወላሂ አላያይዝም! መሰኪያህ ባለ ሁለት እግር ነው። ተገልብጦ የተሰካ ቀን ቆርቆሮው በሙሉ ይነዝራል። አንተ ውስጥ ሆነህ ምንም አትሆንም። የሚሞተው ከውጭ የነካው ነው።"

እኔ በክርክር አልሸነፍም። አላገጥኩባቸው። ሰው ፊት አዋርጄ አባረርኳቸው። ሽቦውን በገዛ እጄ አያያዝኩት።

ቬንቲሌተሩ ዞረ።

"አየሽ?" አልኳት ሐይማኖትን።

"አየሁ። ሽማግሌ አሳዝነህ ነፋስ አገኘህ።"

በማግስቱ መብራት ሄዶ መጣ። ቬንቲሌተሩ ግን አልተነሣም። ተናድጄ መሰኪያውን ከእትዬ ራቢዓ ግድግዳ ነቀልኩ... መልሼ ሰካሁት። ዞረ።

የትኛው እግር በየት እንደገባ አላየሁም።

ገብቼ ጋደም አልኩ።

የእትዬ ራቢዓ ፍየል ቆርቆሮውን በአፍንጫዋ ነክታ ጮኸች። ሸሽታ ቆማ መኪናውን ታየው ጀመር...

ከዚያ ውሃ ሲረጭ ሰማሁ። እዚህ ቀትር ላይ አቧራው እንዲበርድ ደጅ ውሃ ይረጫል። ሐይማኖት ጫማዋን አውልቃ፣ እያንጎራጎረች ትረጫለች።

ዜማው መሃል ላይ ተቆረጠ።

የበሩ እጀታ ወደ ታች ወረደ። በሩ ግን አልተከፈተም።

"ግቢ እንጂ!"

እጀታው እንደወረደ ቀረ።

"ልታናድጂኝ ነው? ወይ ክፈቺ ወይ ልቀቂው!"

እጀታው ይንቀጠቀጣል...

ሰደብኳት። ምን እንዳልኳት አልጽፈውም። በሕይወቷ የሰማችው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።

ተነሥቼ በመስኮት አየሁ። ጥርሷን ነክሳለች። ጣቶቿ እጀታው ላይ ተጣብቀዋል። ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

እትዬ ራቢዓ ገመዱን ሲነቅሉት ወደቀች።

ጋሼ ሰዲቅ ቀብሩ ላይ ነበሩ። አፈር መልሰው፣ ጨብጠውኝ ሄዱ። ምነው በሰደቡኝ!

በሰልስቱ ሶኬቱን ነቅዬ ልጥል መኪናው ውስጥ ገባሁ። ከመብራቱ የተነቀለው ገመድ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ነበር።

ልክ ሰባት ሰዓት፣ እሷ በሞተችበት ሰዓት ላይ... ቬንቲሌተሩ ዞረ።

እጀታው ወረደ።

ከውስጥ ይዤ ወደ ላይ ታገልኩ። ከውጭ የያዘው አይለቅም።

በመስኮት አየሁ። ማንም የለም። የደረቀው አቧራ ላይ ግን ሁለት የባዶ እግር ዳናዎች... እርጥብ። ጣቶቻቸው ወደ እኔ።

"ልቀቂው..." አልኩ፣ በሹክሹክታ።

እጀታው እጄን ይነዝረኝ ጀመር።