በእጅ የሚሰጥ ሰሌዳ

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። የፈለገ አይመን፤ እኔም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

ዛሬ የካቲት ውስጥ ነን፤ ማክሰኞ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት አለፍ ብሏል። ቦታው ጃፓን፣ ሳይታማ ነው። ከባቡር ጣቢያው በእግር አስራ ስምንት ደቂቃ የሚወስድ (ደላላው አስራ ሁለት ነው ያለኝ)፣ አርባ ስድስት ዓመት የሞላው ኮንዶሚኒየም። አራተኛ ፎቅ፣ ያለ ሊፍት።

"ህንጻው ትንሽ አርጅቷል" አለኝ ደላላው። "ጎረቤቶቹ ግን ይበልጡታል።"

ሳቅኩ። ገዛሁት።

በገባሁ ማግስት የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የ404ቱ ጋሼ ሂሮቤ፣ ደንቡን ነገሩኝ። ማስታወቂያ የተያያዘበት ትንሽ የእጅ ሰሌዳ በየማክሰኞው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ያነበበ በፊርማ ፈንታ የስሙን ማኅተም አሳርፎ ለቀጣዩ ያቀብላል። ከእኔ ከ402 ወደ 403፣ ከ403 ወደ እሳቸው።

"በር ላይ ሰቅለህ እንዳትሄድ። ደውለህ በእጃቸው ነው የምትሰጠው።"

"ለምን?"

"ማስታወቂያውንማ ማን ያነበዋል ልጄ። ሰው መኖሩን የምናውቅበት ነው።"

403 ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩት የሰማንያ አንድ ዓመቷ እትዬ ኩዋባራ ነበሩ።

"ቁጭ በል እንጂ ልጄ። ምን አስቸኮለህ?"

ኮምጣጤ ውስጥ የቆየ ፍጅል ያቀርቡልኛል። ከዚያ የጉልበታቸው ታሪክ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ያ የግራው ነው። የቀኙ ገና አልተጀመረም።

ባለፈው ጥር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሰሌዳውን በራቸው እጀታ ላይ ሰቀልኩት።

ደወሉን አልነካሁም። በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ ተመለስኩ... እንደ ሌባ።

በማግስቱ ሰሌዳው ተነስቷል።

ተገላገልኩ አልኩ። በሚቀጥለውም ሳምንት ሰቀልኩ። በሚቀጥለውም።

ሰሌዳው ዞሮ ሲመጣ ቀይ ማኅተማቸው ወረቀቱ ላይ አለ። መጀመሪያ ቀጥ ያለ። ቀጥሎ ያዘመመ። ሦስተኛው... የተገለበጠ።

እርጅና ነው አልኩ።

በአራተኛው ሳምንት የጋዝ ቆጣሪ አንባቢው የ403 ቁጥር ፈቀቅ አለማለቱን አይቶ ፖሊስ ጠራ።

እትዬ ኩዋባራ በሩ ሥር ወድቀው ተገኙ። እጃቸው ወደ በሩ ተዘርግቶ።

ፖሊሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?"

ጋሼ ሂሮቤ አጠገቤ ቆመዋል።

"ባለፈው ማክሰኞ" አልኩ። "በእጄ ሰጠኋቸው።"

"ባለፈው ማክሰኞ?"

"አዎ..."

"ከሞቱ ሦስት ሳምንት ሊሞላቸው ነው።"

"እኔ በሬ ላይ ተሰቅሎ ነው የማገኘው" አሉ ጋሼ ሂሮቤ በሹክሹክታ። "ጉልበታቸውን አሟቸው ነው ብዬ..."

ወደ እኔ አልዞሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም እንዳለው የወደቁት ሰኞ ነው። እስከ ረቡዕ በሕይወት ነበሩ።

እኔ መጀመሪያ የሰቀልኩት የዚያው ሳምንት ማክሰኞ ነው።

በመካከላችን አንድ በር ብቻ ነበር። በእግሬ ጣቶች ስመለስ... ሰምተውኝ ይሆን?

ስማቸው ከሰሌዳው የስም ዝርዝር ተሰረዘ። አሁን ሰሌዳው ከእኔ በቀጥታ ወደ ጋሼ ሂሮቤ ይሄዳል። እደውላለሁ፣ በእጃቸው እሰጣለሁ። ተቀብለው ይዘጋሉ። አያናግሩኝም።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። አስራ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ፣ ልጆችን ወደ ቤት የሚጠራውን ዜማ ጀመረ። ዜማው ሳያልቅ ደወሌ ጮኸ።

በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ማንም የለም።

"ማነው?"

መልሱ የመጣው ከታች ነው። ከወለሉ።

"እኔ ነኝ ልጄ... በእጅህ ልስጥህ ብዬ ነው።"

በሩ ላይ ያለው የጋዜጣ ማስገቢያ ክዳን ቀስ ብሎ ተከፈተ። የሰሌዳው ጫፍ ገባ። ግማሹ ገባ... ቆመ።

እስኪወድቅ ጠበቅሁ። አይወድቅም። ከወዲያ በኩል የያዘው አለ።

ይህን ስጽፍ ሃያ ደቂቃ ሆኖታል። አልፎ አልፎ ብቻ... ትንሽ ወደ እኔ ይገፋል።