በሽምብራ የተሠራች ሰላይ

«ፓሪስ ውስጥ ቤትሽ የት ነው?»

«ከ... ከወንዙ ማዶ።»

«ወንዙ ማን ይባላል?»

ሕሊና ለጨዋታው ሰላይዋን ናታሊ ብላ ስም ስታወጣላት፣ ፀጉሯን ወርቃማ ስታደርግላትና ካራቴ ስታስተምራት፣ ወንዝም ያስፈልጋታል ብላ አላሰበችም ነበር። ወንዳወቅ መልስ አልጠበቀም። ከኋላው፣ በአባቱ መጋዘን ከተደረደረው የበርበሬ ጆንያ ላይ አንድ ነገር አንሥቶ እንደ አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ አቀረበላት። ተልጦ ጨው የተነሰነሰበት ቅቅል እንቁላል ነበር።

«ረጅም መንገድ ነው የመጣሽው፣ ናታሊ። ቅመሽ እስኪ።»

«ኧረ ዛሬ ረቡዕ ነው!» አለች ሕሊና ሳታስበው።

 ታከለ ሆዱን ይዞ ጆንያው ላይ ተንከባለለ። «ፈረንሣይቱ ጿሚ ናት! አቦ፣ ቄሷንም ጠይቋት፣ የንስሐ አባቷን!» እያለ ሲስቅ የበርበሬው አቧራ ተነሣና ሁሉም ማስነጠስ ጀመሩ። በር ላይ የተቀመጠችው ተናኜ እንኳ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትንቀጠቀጣለች።

«ተይዘሻል» አለ ወንዳወቅ ዕንባውን እየጠረገ። «ናታሊ አልቆላታል።»

ሕሊና ፊቷ ከበርበሬው ቀላ። ከሁሉም ያናደዳት ወንዳወቅ እንቁላሉን ከቤት ቀቅሎ መምጣቱ ነው። ለሷ ተብሎ የተቀቀለ እንቁላል!

ጨዋታው ጥር ላይ ነው የተጀመረው። የወንዳወቅ ታላቅ ወንድም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ለዕረፍት ፍኖተ ሰላም ሲመጣ ነው ያስተማረው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰላይ ይፈጥራል፦ የት ተወለደች፣ ማን አሳደጋት፣ ምን ገፍቷት ወደዚህ ሥራ ገባች፣ ምንስ ትችላለች። ከዚያ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ይሰጠዋል። ሽምብራው የወንዳወቅ ፈጠራ ነው። ተጫዋቹ ሽምብራውን ለሰላዩ ችሎታዎች ያከፋፍላል፤ ለመዋሸት ይኽን ያህል፣ ለመደበቅ ይኽን ያህል እያለ። ጨዋታውን የሚመራው አለቃ ችግር ሲያመጣበት ከዚያው ከፍሎ ያልፋል። ሽምብራ የጎደለበት ችሎታ እንደሌለ ይቆጠራል። ታከለ በዚህ በኩል ዕድለ ቢስ ነው፤ እየተጫወተ ሳያውቀው ይቆረጥማል። አንድ ጊዜ መዋኘቱን በልቶ ጨርሶ ዓባይ ውስጥ ሰምጧል።

ለሕይወት ታሪኩ ግን ሽምብራ አይከፈልበትም። እሱን ማወቅ ነው። አለቃው ይመረምራል፣ ሌሎቹም ይጠይቃሉ፤ ሰላይዋ ከተምታታባት አለቀላት። ምርመራውን ያለፈ ለቀጣዩ ወር አለቃ ይሆናል፤ ችግሩን ሁሉ የሚፈጥረው፣ ማን የት እንደሚላክ የሚወስነው እሱ ነው። ሕሊና አለቃ መሆን ከልቧ ትፈልጋለች። ያሰበቻቸው ችግሮች፣ የቆለፈቻቸው በሮች፣ ያዘጋጀቻቸው ከዳተኞች ጭንቅላቷ ውስጥ ወረፋ ይዘው ቆመዋል።

«ልጆች! ምን እየሠራችሁ ነው?» አሉ የወንዳወቅ እናት ወይዘሮ ደስታነሽ ከግቢው።

«ጥናት ነው፣ እማዬ!»

«ጥናት እንዲህ ያስቃል እንዴ?»

ያን ቀን በዚሁ ተበተኑ። እንቁላሉ ለሐሙስ ተቀመጠ፤ ታከለ እየዞረ እያየው ነው የወጣው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ የፕላዝማው መምህር ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ያንበለብላል። ሕሊና ደብተሯን ከፍታ ሌላ ነገር ታስባለች። ፓሪስ አይሆንም፤ ሞስኮም አይሆንም። የምታውቀው አገር ሰው መሆን አለበት፤ ወንዙንም፣ ጾሙንም፣ መንገዱንም የምታውቀው። አጠገቧ የተቀመጠችው ተናኜ መምህሩ ያለውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ትገለብጣለች። ተናኜ ከነሱ ጋር ወደ መጋዘኑ ትመጣለች እንጂ ሰላይ ፈጥራ አታውቅም። «ሰው መፍጠር አይሆንልኝም፤ እኔ በር ልጠብቅላችሁ» ብላ፣ የወንዳወቅ አባት አቶ አድማሴ ድንገት እንዳይመጡ ታያለች።

ሕሊና ወደ ጎኗ ዞር ብላ አየቻት። ሰላይዋ እዚሁ ተቀምጣለች።

ተናኜ ለሰው ሁሉ የደምበጫ ልጅ ነኝ ነው የምትለው። እውነቱን ከሕሊና በቀር የሚያውቅ የለም። ተናኜ የሽንዲ ወገን ናት፣ የገጠር ልጅ። ስድስተኛ ክፍል ሳለች አይታው ለማታውቀው ሰው ዳሯት። አንድ የጥምቀት ዕለት የባሏ ቤተሰብ ታቦት ሊያጅብ ሲወጣ፣ ራሴን አሞኛል ብላ ቤት ቀረች። ከዚያ ጀሪካን አዝላ ውኃ የምትቀዳ መስላ ወጣች፤ ጀሪካኑን ወንዝ ዳር አስቀምጣ ቡሬ ድረስ በእግሯ ሄደች። ቡሬ ያለችው አክስቷ ናት ፍኖተ ሰላም አምጥታ ቤት የተከራየችላትና ትምህርት ቤት ያስገባቻት። የባሏ ሰዎች ያለችበትን ካወቁ ሽማግሌ አስከትለው ሊወስዷት ይመጣሉ። ተናኜ ይኽንን ትፈራለች፤ በገበያ ቀን ከቤት አትወጣም።

ሕሊና ታሪኳን ለጨዋታው እንድትወስደው ፈቃድ ልትጠይቃት አስባ ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ ስሟን ከቀየርኩት ምን አለበት፣ የምጫወተውም ከጓደኞቼ ጋር ነው፣ ብላ ተወችው። ብትጠይቃት እንደማትፈቅድ ታውቃለች፤ ላለመጠየቋ ዋናው ምክንያት እሱ ነው።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ አቶ አድማሴ በርበሬ ጭነው ቡሬ ሄደው ስለነበር መጋዘኑ ነፃ ነው። ታከለ አንድ አዲስ ልጅ ይዞ መጣ። «ክንዱ ይባላል፤ የኛ ክፍል ልጅ ነው። ወሬ በሱ ቀረ!» ብሎ አስተዋወቀው። ክንዱ ሳቂታ ነው፤ ገና ከመቀመጡ ሦስት ሰው አማ።

ሕሊና ሽምብራዎቿን ፊቷ ደረደረች። አብዛኛውን ለማስታወስና ለመዋሸት ሰጠች፤ ለመሮጥ አንድም አላደረገች።

«ካልሮጠች ምን ሰላይ ናት?» አለ ታከለ እየቆረጠመ።

«የሚሮጥ ሰው ይጠረጠራል። ያምሮት ትራመዳለች።»

«ያምሮት?» አለ ወንዳወቅ። «ናታሊ ቀረች?»

«ቀረች። ያምሮት የኛው አገር ልጅ ናት።» ሕሊና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። ያለ ፈቃዷ የተዳረች ልጅ ናት አለች። ከዚያ ቤት ለመውጣት አንድ ዓመት ሙሉ ስትዘጋጅ ማንም አላወቀባትም። የቤቱን ውሾች ከራሷ እራት እያካፈለች አላመደቻቸው። ለመንገድ የሚሆናትን ቆሎ በጀሪካኑ አፍ ጥቂት በጥቂት ጨምራ ደበቀችው። የጥምቀት ዕለት ያን ጀሪካን አዝላ ስትወጣ ውሾቹ ጅራታቸውን ቆሉላት እንጂ አልጮኹም። ወንዙ ጋ ስትደርስ ቆሎውን ነጠላዋ ላይ ገልብጣ፣ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት ተሻገረች።

 ታከለ መቆርጠሙን ረስቷል።

«ወይኔ!» አለ ወንዳወቅ ቀስ ብሎ። «ውሾቹን አላመደቻቸው! ይቺማ የለየላት ሰላይ ናት።» ጠየቀ፤ መለሰች። ደግሞ ጠየቀ፤ መለሰች። አንድም ቦታ አልተምታታባትም።  ወንዳወቅ ራሱን ነቀነቀና «አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀርሻል። እሱን ከመለስሽ አለቃ ነሽ። በጥምቀት መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፤ እንዴት ማንም ሳያያት ወጣች?» አላት።

ለዚህ ያሰናዳችው መልስ አላት። ልትናገር ስትል ክንዱ እጁን አነሣ።

«ቆዩማ! እኔ ይቺን ነገር ሰምቻታለሁ» አለ። «የሽንዲ ልጅ ነኝ እኮ። እኛ አገር በጥምቀት የጠፋች ሙሽራ አለች። ጀሪካኗን ወንዝ ዳር አገኙት። ውኃ ወሰዳት ብለው ስንት ጊዜ ፈለጓት መሰላችሁ! በኋላ የለም፣ በሕይወት አለች ተባለ። አሁንም ያፈላልጓታል። ማን ነበር ስሟ... አፌ ላይ እኮ ነው ያለው...»

ሕሊና ወደ በሩ አየች። ተናኜ የጆንያውን ገመድ በሁለት እጇ ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች። አትንቀሳቀስም። ያልለመዳትን ውሻ የፈራች ልጅ እንዲያ ነው የምትቆመው። ሕሊና አፈረች፤ በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ስሙን ቀይሬዋለሁ ብላ ነበር፤ ከስሙ በቀር የቀየረችው እንደሌለ አሁን ገና ገባት።

«በ“ተ” የሚጀምር ነው መሰለኝ» አለ ክንዱ ዓይኑን ጨፍኖ።

«በሄሊኮፕተር ነው» አለች ሕሊና ጮክ ብላ።

«ምኑ?»

«ጥያቄው! ማንም ያላያት በሄሊኮፕተር ስለሄደች ነው። ወንዙ ጋ ጠበቃት።»

ወንዳወቅ አፉ ተከፈተ። «ሄሊኮፕተሩን ማን ነዳው?»

«ራሷ። ፓሪስ ነው የተማረችው።»

ታከለ ነው መጀመሪያ የፈነዳው። «ናታሊ ተመለሰች!» ብሎ ሲንፈራፈር ክንዱም አብሮት ሳቀ። «ቤንዚኑስ?» ሲላት «በጀሪካኑ» አለች፤ «ውሾቹስ?» ሲላት «ተሳፈሩ» አለች። ክንዱ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀና «ኧረ ይኼ እኛም አገር አልተሰማ!» ብሎ ስሙን መፈለጉን ተወው። ወዲያው ስለ አንድ የሽንዲ ሾፌር ሌላ ወሬ ጀመረ።

ከወንዶቹ ያልሳቀው ወንዳወቅ ብቻ ነው። «ምን ሆነሽ ነው? በጣም አሪፍ ነበረች እኮ! ያንን የመሰለ ታሪክ አበላሸሽው» አለ፣ እውነትም እንዳዘነ ያስታውቃል። ያን ዕለት ምርመራውን ያለፈው ታከለ ሆነ። ሦስት ሽምብራ ብቻ ነው የቀረው፤ ሦስቱም መዋሸት ላይ ነበሩ። አለቃ ሆኖ እንደተሾመ አንዱን በላው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ተናኜ እንደ ገጠር ሰው እርምጃዋን አርዝማ ቀደመች። ሕሊና ከኋላዋ ሶምሶማ ስትል ዋናውን የአስፋልት መንገድ ተሻገሩ። የባሕር ዳር አውቶቡስ አቧራ አልብሷቸው አለፈ።

«ተናኜ፣ ይቅርታ። ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር።»

ተናኜ እርምጃዋን ጨመረች።

«አለቃ መሆን ፈልጌ ነው። ካንቺ የተሻለ ሰላይ አጣሁ።»

«የሠራሽው ጥሩ አይደለም» አለች ተናኜ በመጨረሻ፣ ሳትዞር። «ልቤ ቆሞ ነበር። ያ ልጅ ስሜን ቢጠራው ወሬው በነገው ገበያ ሽንዲ ይደርስ ነበር፣ አንች።»

«አውቃለሁ።»

ጥቂት እንደ ሄዱ የተናኜ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሕሊና እያለቀሰች መስሏት ደነገጠች። ጠጋ ብላ ስታያት ግን ትስቃለች።

«ውሾቹ ተሳፈሩ!» አለች ተናኜ። «በስማም! ውሾቹ ሄሊኮፕተር ላይ!»

ሁለቱም መንገድ ዳር ቆመው ሳቁ። አንዲት እናት ዕንጨት ተሸክመው ሲያልፉ «ምን አገኛችሁ፣ ልጆቼ?» አሏቸው። ተናኜ ጎንበስ ብላ «ደኅና ነን፣ እናታለም፤ እርስዎን እግዜር ያግዝዎ» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ራቅ ሲሉ ተናኜ ነጠላዋን አስተካከለች። «ከሄሊኮፕተሩ በፊት ግን፣ ስታወሪው፣ እኔ ራሴ አላወቅኋትም። ይች ልጅ እንዴት ያለች ደፋር ናት አልሁ። ሁልጊዜ ሸሸሁ ነው የምለው፣ ሠራሁት ብየ አላውቅም።» መንገዱን ቀጠለች። «አንድ ነገር ብቻ ተሳስተሻል። ወንዙ ጋ አለቀሰች አልሽ። አላለቀስሁም።»

«እና?»

«ከወንዙ ወዲያ የሌላ ደብር ታቦት ሲመለስ ደረስሁ። ሴቶቹ መሀል ገባሁና አብሬያቸው ዘፈንሁ። አጨበጨብሁ። እልል እያልሁ ነው ከዚያ አገር የወጣሁት፣ ሁሉም እያየኝ።»

ሕሊና ቆመች። ወንዳወቅ የጠየቃት የመጨረሻ ጥያቄ መልስ ይኼ ነበር። እሷ ካሰናዳችው መልስ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ማንም መርማሪ እጁን ይሰጥለት ነበር። ተናኜ ይኽን ለማንም ነግራ እንደማታውቅ ከፊቷ ታየ። ዛሬ ከሆነው ሁሉ በኋላ ለሕሊና ነገረቻት።

«ለረቡዕ እኔም ሰላይ እሠራለሁ» አለች ተናኜ። «ስንት ሽምብራ ነው የሚሰጠው?»

«አንድ እፍኝ።» ሕሊና ከሹራቧ ኪስ የያምሮትን ሽምብራ በሙሉ አውጥታ ሰጠቻት። ተናኜ የነጠላዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው።

አዲስ ሰላይ ሲመጣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። «የት ተወለደች?» ሕሊና አፏን ከፈተች። ከዚያ ሳትጠይቃት ዘጋችው።

«እንቁላሉን ብቻ ተጠንቀቂ» አለቻት።

«የኔዋ ትቀበላለች» አለች ተናኜ። «ተቀብላ ለውሻቸው ነው የምትሰጠው።»