ትንፋሽ ያጠረው እንግዳ

ፈጠራ ነው የሚል አይጠፋም። ይበል! እኔ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ቀን... ግን መኪኖቹ መብራት አብርተው ይሄዳሉ።

ከከተማው ጀርባ ያለው ደን መቃጠል ከጀመረ ሰንብቷል። ጭሱ ሰፈሩን ውጦታል። አስም ያለበት ሰው መስኮት እንዳይከፍት ተብሏል።

እማዬ አስም አለባት። ደረቷ ሲር ሲር ሲል ሳሎን ድረስ ይሰማል።

መስኮቶቹን በፕላስተር አሸግኳቸው። በበሩ ስር እርጥብ ፎጣ ወተፍኩ።

"እንደ ንብ ቀፎ አጠኑን እኮ!" ትላለች እየሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ሲለወጥ ጀርባዋን አሻለሁ። ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?

መድኃኒቷ አለቀና ወደ ፋርማሲ ልወርድ ተነሳሁ።

"እማዬ፣ መስኮት እንዳትነኪ!"

"ሕፃን አደረግሽኝ?"

ስመለስ ቤቱ ጭስ ጭስ ይሸታል። የመኝታ ቤቱ ፕላስተር ተልጦ ተንጠልጥሏል።

"እማዬ! ምን አደረግሽ?"

"ቀስ በዪ..." አለችኝ በሹክሹክታ። "አሁን ገና ጋደም አለ።"

"ማን?"

"ውጭ ሲስል ሰማሁት... መስታወቱን ሲቧጥጥ። ትንፋሽ አጥሮት። የእግዜር እንግዳ እንዴት ይመለሳል?"

የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳ የለንም።

የምትቃዥ መሰለኝ። መድኃኒቷን ሳቀብላት፣ "ተይው፣ ተሻለኝ" አለች። እውነትም ሲር ሲሩ ጠፍቷል። ተመስገን አልኩ... ሞኝ!

ለማንኛውም ብዬ ከታች ያለችውን ጎረቤታችንን፣ ነርሷን፣ ጠራኋት። ማዳመጫዋን እማዬ ደረት ላይ አሳረፈች። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ድምፁ መቼ ቆመ?"

"አሁን። ተሻላት አይደል?"

"አልተሻላትም! አየር ስለማይገባ ነው ዝም ያለው። መኪና ጥሪ!"

ያኔ ሰማሁት።

ሲር... ሲር...

የእማዬ ደረት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግኩት። የመጣው ግን ከአልጋው አይደለም።

ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው።

ነርሷም ሰምታለች። እጄን ጭምቅ አደረገችው።

"እማዬ... ምን ሰጠሽው?"

ከንፈሯ ጠቁሯል። "አሳዘነኝ... ትንፋሽ አዋስኩት።"

ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናት። ክፍሉ በጭሱ በታመመ ሰው ሞልቷል። ከየአልጋው ሳል ነው፣ ሲር ሲር ነው። ኦክስጅን አደረጉላት። ጭንብሉ ግን እንፋሎት አልያዘም።

ሐኪሙ ብዙ ታገለ። በመጨረሻ እጁን አነሳ።

"አይዞሽ፣ እህቴ" አለኝ። እናቴ ሞታለች።

ግንባሯን ልስማት ጎንበስ ስል ከጀርባዬ ሳል ሰማሁ። የእሷ ሳል።

ዞርኩ። መስኮቱ ዝግ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ቡናማ ጭስ ብቻ ይታያል።

መስታወቱ ግን በውጭ በኩል ጉም ያዘ... ለቀቀ... ያዘ... ለቀቀ...

በሩ አጠገብ ካለው አልጋ አንዲት እናት በደስታ ጮኸች።

"ተመስገን! ሲር ሲሩ ቆመ! ልጄ ተሻለው!"

መስታወቱ ላይ፣ ከመጀመሪያው ጎን ዝቅ ብሎ፣ ሌላ ትንሽ ጉም ያዘ።