ጽዱ መቼ ወደቀ?

ሬሳ ሲገኝ ሰው ሁሉ የንፋስ አዋቂ ይሆናል። የደኑ ጠባቂ አበጀ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ባለው የደብር ደን ውስጥ፣ በወደቀ ጽድ ግንድና በመሬት መሀል ተወትፎ ሲገኝም አገሩ በአንድ አፍ «ንፋስ ጣለበት» አለ።

ኢንስፔክተር ራሄል ግን ግንዱን ትታ ሰውየውን አየች። ዓይኖቹ ተከድነዋል። የእግሩ አውራ ጣቶች ከነጠላ በተመዘዘ ክር ታስረዋል።

«ማን ገነዘው?»

«ማንም አልነካውም» አሉ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፤ ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። በዋዜማው ከአበጀ ጋር መጣላታቸውን ሲጠየቁም አልካዱም፤ ያ መብራት የሚተፋ መሣሪያ ደጀ ሰላሙን እንዳያልፍ ከልክለው ነበር፤ አበጀ ግን በግድ አሳለፈው።

መሣሪያው የደን ባለሙያው የኢዮብ ነው፤ በእጅ የሚያዝ የሌዘር ስካነር። ትናንት ከአበጀ ጋር ደኑን ሲዞር መሣሪያው እያንዳንዱን ዛፍ በነጠብጣብ ስሎለታል። የወደቀ ዛፍ አይቶ እንደሆነ ስትጠይቀው አንገቱን አከከ፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነበር። ዛፍ ሊፈልግ መጥቶ ዛፍ ሳያይ የተመለሰ እሱ ብቻ ነው።

ከሁሉ አብዝቶ ያለቀሰው የደብሩ አናጢ ሙላው ነው፤ የአበጀን ልጅ ክርስትና ያነሳ አበልጁ። ንጋት ላይ ለኪዳን ሲመጣ ጽዱ ሲገነደስ በጆሮው መስማቱን ተናገረ።

ራሄል ሁሉንም፣ የሟቹን ሚስት ማሬን ጨምሮ፣ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ኢዮብ፣ የትናንቱን ክፈተው።»

ነጠብጣቦቹ ተነሡ። ጽዶቹ እንደ ምሰሶ ቆመዋል፤ አንዱ ግን ተጋድሟል።

«ይሄ ዛፍ አበጀ በሕይወት እያለ ወድቋል። አቶ ሙላው፣ ዛሬ ሲወድቅ የሰሙት የትኛውን ነው?»

ሙላው ወደ በሩ አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

«እዚህ ደን የቆመ አይቆረጥም» ቀጠለች፤ «ንፋስ የጣለው ግን ለአናጢው ይሰጣል። የጽዱን ሥር አየሁት፤ ተቆፍሯል። አበጀም ትናንት አይቶታል፤ ለማን ቀድሞ ይናገራል? ለአበልጁ።»

«እኔስ ተጣልቼው አልነበር?» አሉ መሪጌታ።

«የተጣላ ገድሎ ይሄዳል፣ አባ። ሳይገንዝ መተው ያቃተው የሚወደው ሰው ነው።»

«ንጋት ላይ ለመንኩት» አለ ሙላው፤ «‹አንተም ብትሆን ለመሪጌታ እናገራለሁ› አለኝ። መጥረቢያው እጄ ላይ ነበር።»

ማሬ አላለቀሰችም። ጀርባዋ ላይ የተኛውን ልጅ አስተካክላ አዘለችና ሙላው ፊት ቆመች።

«ልጄ ሁለት አባት ነበረው» አለችው። «ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ገደልክበት።»