የማይደርቀው ካሴት

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። የቆማችሁም ተቀመጡ። ስልኩ የሚጮህበትም ለትንሽ ጊዜ ዝም ያሰኘው።

ይሄ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። በዓይኔ ያየሁት፣ በአፍንጫዬ ያሸተትኩት ነው። ሽታው እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ አልለቅ ብሎኛል...

ክፉ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ጊዜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደመና የሚባል ነገር ከሰማይ ከጠፋ ሰንብቷል። የሳሎናችን መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የጎረቤት አንሶላ ገመድ ላይ እንደ ቆርቆሮ ደርቋል።

እንግዲህ በዚያ ቀን ነው እህቴን ዝናብ የመታት።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ወንድም ነበረን። ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ነበር የሚለው፤ ሙዚቃ ከሰማ እህል ውሃ አያምረውም። ታላቋ እኔ ነኝ። የሁላችን ታናሽ ሚጣ ነበረች፤ ያኔ ገና የወተት ጥርሷን የምትነቅል ሕፃን።

አንድ የታወቀ የሮክ ባንድ ስታዲየም ሊጫወት መጣ ተባለ። ጆሮ የአባባን ካፖርት ደርቦ፣ መቅረጫ ቴፑን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ።

ያን ቀን የወረደው ዝናብ... ሰማዩ የተቀደደ ነበር የሚመስለው። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አላባራም። ጊታሪስቱ የእጁን ውሃ እያራገፈ ይመታል፣ ሕዝቡ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይዘላል። ዛሬም ድረስ ይወራለታል። አንድም ሰው አልወጣም ይባላል።

አንድም ሰው አልወጣም። ይቺን ነገር ያዙልኝ...

ጆሮ ቤት ሲመጣ ከካፖርቱ ውሃ ይንቆረቆር ነበር። ሳንባውን መታው። ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርነው።

ኮንሰርቱን የቀዳበትን ካሴት ግን አልጋ ላይ እያለ ለሰፈራችን ሙዚቃ ቤት ሰውዬ ልኮለት ነበር። ሰውዬው በየመሃሉ ያለውን ወሬ ቆርጦ፣ ዘፈኑን ብቻ አባዝቶ ሸጠው። «የዝናቡ ኮንሰርት» ያልተሰማበት ታክሲ፣ ያልተሰማበት ፀጉር ቤት የለም። ዋናው ካሴት ግን ሳይመለስ ቀረ። ዓመታት አለፉ፣ እኛም አረጀን።

ሚጣ የሕፃናት አስተማሪ ሆነች። ድምፅዋ ደወል ነው። ሁሌም አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

«እትዬ፣ መልኩን ፎቶ ላይ አየዋለሁ። ድምፁ ግን ጠፋኝ። ምን ዓይነት ነበር?»

«ደስ የሚል ነበር።»

«ሻይም ደስ ይላል! እንዲህ ተብሎ ይነገራል?»

ድምፅ ምን ተብሎ ይነገራል ልጆቼ? ያንን ድምፅ አንዴ ለመስማት የማትሰጠው ነገር አልነበራትም።

ከዕለታት አንድ ቀን የሙዚቃ ቤቱ ሰውዬ ሞተና፣ በዚያ በነገርኳችሁ የፀሐይ ቀን ሚስቱ በራችንን አንኳኳች። ፌስታል በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ከሰውነቷ አርቃ ይዛለች። የሞተ አይጥ የያዘች ነው የምትመስለው።

«የወንድማችሁ ነው። ዋናው። አልተቆረጠም፣ ወሬውም ሁሉ አለበት። እንኪ ተቀበዪኝ።»

«ግቢ እንጂ እህቴ፣ ሻይ ልጣድ...»

«አልገባም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት... አይደርቅም።»

ሳቄ መጣ። እኔኮ ዕድሜዬን ሙሉ ላውንደሪ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ደም ያለበት፣ ትውከት ያለበት አንሶላ አጥቤ በዚያው እጄ ምሳዬን የበላሁ ነኝ። የማይደርቅ ነገር አላውቅም።

ፌስታሉን ተቀበልኳት።

ይሞቅ ነበር...

ካሴቱን አውጥቼ በፎጣ ጠረግኩት። መልሶ አላበው። ጠረግኩት። አላበው። ላቡ ደግሞ እንደ ንፍጥ ይሳባል። ፎጣውን ወስጄ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። አጥቤ ልጠቀምበት ቀፈፈኝ። እኔን! ፎጣ!

ሚጣ ግን ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ክሩን በእስክሪብቶ አጠነጠነች፣ አሮጌው ቴፕ ውስጥ ከተተችው፣ ተጫነችው።

ዝናብ...

መጀመሪያ ዝናብ ብቻ። ከዚያ የሰው ጫጫታ። ከዚያ እዚያው ማይኩ ሥር፣ ቅርብ፦

«ወይኔ የአባባ ካፖርት! እትዬ ዛሬ ትገድለኛለች።»

እሱ ነው። ጆሮ ነው!

ሚጣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ። እውነቱን ነው፣ እገድለው ነበር።

እዚያ ላይ ብናጠፋው ኖሮ...

አላጠፋነውም።

ጊታሩ ጀመረ። በዘፈኑ መሃል አንድ ድምፅ ሰማሁ።

ጉርጥ...

ሰው ሲውጥ የሚሰማው ድምፅ። ማይኩ ላይ ተለጥፎ።

«ማን ነው እሱ?» አለች ሚጣ።

«ውሃ ጠጥቶ ይሆናል።»

ጉርጥ... ጉርጥ...

ከዚያ ማኘክ ሆነ። አፍ ከፍቶ የሚያኝክ፣ ምራቁ የሚንቦጫረቅ።

«እትዬ... ከማን ጋር ነበር የሄደው?»

«ብቻውን።»

ሽታው ያኔ መጣ። ተዘፍዝፎ የተረሳ ልብስ ታውቃላችሁ? ውሃው ላይ ያ የሚያዳልጥ ነገር የሚሠራበት? እሱ ነው። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ... የሰው አፍ ሽታ። ጎንበስ ብሎ ፊቴ ላይ የሚተነፍስብኝ ያለ እስኪመስለኝ ድረስ።

ዘፈኑ አለቀና ሕዝቡ አጨበጨበ።

ልጆቼ፣ ያ የእጅ ጭብጨባ አልነበረም። እርጥብ ልብስ ድንጋይ ላይ ሲመታ ምን እንደሚል ከማንም በላይ አውቃለሁ። እንደሱ ነው። ግን ጨርቅ አይደለም... ሥጋ ነው። ርሶ ርሶ የላላ ሥጋ።

ጧ... ጧ... ጧ...

ላጠፋው ብድግ ስል፦

«ሚጣ...»

የጆሮ ድምፅ ነው። ወይም የሚመስል።

«ሚጣዬ...»

እናታችን በሥርዓት ነው ያሳደገችን። ታላቅ ሲጠራ «ምን» አይባልም፣ ዝምም አይባልም። «አቤት» ነው። ሳናስበው ከአፋችን ይወጣል።

«አቤት!» አለች እህቴ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ።

ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ... በአንዴ። ዝናቡ ብቻ ቀረ።

ጉርጥ።

አጠፋሁት።

«ያኔኮ እኔ ቤት ነበርኩ» አለች ሚጣ ቀስ ብላ። «ተኝቼ ነበር። ለምን ይጠራኛል?»

ልመልስላት ስል ከጆሮዋ የሆነ ነገር ሲወርድ አየሁ።

ውሃ ነው። ቡናማ፣ ለብ ያለ። በጣቴ ጠረግኩላት። ጭቃ ነበረው። ጭቃው ውስጥ አጭር ሣር...

የታኘከ ሣር።

«መልሺው» አለችኝ።

«አላደርገውም!»

«እሱ መሆኑን ልወቅ እትዬ። አንዴ ብቻ።»

ራሷ አጠነጠነችው፣ ራሷ ተጫነችው። ካፖርቱን የሚለው የለም። ጊታሩም የለም። ዝናብና መዋጥ ብቻ... ከዚያ፦

«ሚጣ... ሚጣዬ...»

«አቤት!»

ሚጣ አጠገቤ ናት። አፏ ተዘግቷል።

የመለሰው ቴፑ ነው። የዛሬዋ ድምፅዋ፣ በዚያን ቀን ዝናብ ውስጥ።

ከዚያ ከሩቅ፣ ከሕዝቡ ኋላ፣ አንድ ሹክሹክታ መጣ። ይሄኛው እውነተኛው ወንድሜ ነበር። አወቅኩት። ያለቅስ ነበር።

«ምነው መለስሽ?... እኔ አልጠራሁሽም... እዚህ የገባ አይወጣም...»

ካሴቱን መንጭቄ አወጣሁትና ክሩን ጎተትኩት። እንደ ዶሮ አንጀት ይሞቃል፣ ያዳልጣል፣ ጣቴ ላይ ይጠመጠማል። ጎተትኩ... አያልቅም። እያስታወክሁ ጎተትኩ። ግቢ አውጥቼ ነጭ ጋዝ አርከፈከፍኩበት፣ ክብሪት ጫርኩ። ጠፋ። ጫርኩ። ጠፋ። በመጨረሻ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት።

ሲወድቅ «ጧ» ይላል ብዬ ስጠብቅ...

ጉርጥ አለ። ጉድጓዱ ዋጠው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጣ ፀጉር አልደረቀም።

ጠዋት በፎጣ አሻታለሁ፣ ከሰዓት ፀሐይ ላይ አስቀምጣታለሁ። ትራሷን እጨምቀዋለሁ፣ ቡናማ ውሃ ይወርዳል። ሽታዋ... ይቅር ይበለኝና፣ እህቴን ሳቅፋት ትንፋሼን ይዤ ነበር። ክፍል ገብታ ልታስተምር አፏን ስትከፍት ቃል አይወጣትም። ተማሪዎቿ «ቲቸር፣ ዝናብ መጣ!» እያሉ ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። ውጭ ፀሐይ ነው።

የማይደርቅ ነገር አላውቅም ያልኩት ሴትዮ፣ አንዲት እህቴን ማድረቅ አቃተኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፎጣዋን ገመድ ላይ ላሰጣ ወጣሁ። እንዲያው ለጥቂት ጊዜ። ስመለስ ወንበሯ ላይ የለችም።

ቀሚሷ ብቻ ነው ያለው።

ተጨምቆ። እኔ እንኳ እንደዚያ አድርጌ አልጨምቅም... ጠብታ አልቀረበትም። ደርቋል።

ፖሊስም ፈለገ፣ ዘመድም ፈለገ። ምኗም ሳይገኝ ቀረ።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ነው።

ታክሲ ውስጥ ነኝ። ቀኑ ብራ ነው። ሹፌሩ «የዝናቡ ኮንሰርት»ን ከፍቷል፤ ያንን የተባዛውን፣ ወሬ የሌለበትን። ወርጄ ልሂድ ብል መውጫው በሰው ተጨናንቋል። ጆሮዬን ልይዝ እጄን ሳነሳ በሁለት ዘፈኖች መሃል፣ ከጭብጨባው ውስጥ...

«እትዬ...»

የእህቴ ድምፅ ነው። ደወሉ ድምፅዋ።

«እትዬ... በረደኝ...»

ልጆቼ፣ ሚጣ ናት? ወይስ ሚጣን የሚመስል? አላውቅም። ምላሴን ነከስኩ፣ ደሙ አፌን ሞላው። ሻርፔን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። እህትሽ በረደኝ ስትልሽ ዝም ማለት ምን እንደሆነ ለማንም አይድረስ።

አጠገቤ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። እንደኔው የሸበተች፣ ሽንኩርትና ሳሙና በዘንቢል ይዛ እያንቀላፋች። እሷም የሆነ ሰው እትዬ ናት መቼም።

ቀና አለች።

«አቤት?» አለች።

ልጮህላት ፈለግኩ። ግን ለመጮህ አፍ መክፈት አለብኝ...

የስፒከሩ ጭብጨባ ቀጥ አለ።

ሹፌሩ «ምን ሆነ ይሄ ነገር?» ብሎ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ሴትዮዋ ትንሿን ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከትታ ነቀነቀች። አውጥታ አየቻት። አሸተተቻት። ፊቷን አጨማደደችና ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች...

በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል። የሴትዮዋ ሽበት ከሥሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ራሰ።

ልጆቼ፣ እናት ስትጠራ፣ አባት ሲጠራ አቤት በሉ፤ ሥርዓታችሁን አትተዉ። ግን ዓይኑን ለማታዩት፣ ከዝናብ ውስጥ ለሚጠራችሁ... ዝም በሉ፣ የኔ ጌቶች።

ሚጣዬንም አስቡልኝ። በልባችሁ ብቻ። አትጥሯት... ትመልሳለች።