ዳለቻን ከጉም የጠራት ድምፅ

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ስለ ራሴ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ከመሃል ብድግ ብዬ የምሄድ ሰው ነኝ። ደብረ ብርሃን ሳድግ ሰፈራችን ውስጥ ጥላ ያየ፣ ድምፅ የሰማ፣ ስሙን የጠሩት ሰው ጠፍቶ አያውቅም ነበር፣ እኔ ግን አባቴ መካኒክ ስለነበር ይሁን በተፈጥሮዬ ነገረኛ ስለሆንኩ፣ «የት ጋ? በስንት ሰዓት? ማን አብሮህ ነበር?» እያልኩ ስጠይቅ ባለ ታሪኩ ይቀየመኝ ነበር። እናንተ ብትጠይቁኝ አልቀየምም፣ የት ጋ ካላችሁኝ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ዳር፣ በስንት ሰዓት ካላችሁ በጠራራ ፀሐይ ባይሆንም በቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ማን አብሮኝ ነበር ካላችሁ ማንም። ደግሞ ሥራዬ የማይንቀሳቀሰውን ነገር የሚንቀሳቀስ ማስመሰል ነውና በዚህ በኩል እኔን መሸወድ ቀላል አይደለም።

ልጅ ያላችሁ «የጠጉር ሰፈር» የሚለውን የቴሌቪዥን ፊልም አታጡትም፣ በጎቹም፣ አህያዋም፣ ነገረኛው ዶሮም ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠሩ አሻንጉሊቶች የሆኑበትን። እሱን የሠራነው እኔና ሰለሞን የሚባል የካሜራ ባለሙያ ጓደኛዬ ነን፣ አዲስ አበባ የሳሙና ማስታወቂያ መሥራት ታክቶን ዕቃችንን ጭነን መሐል ሜዳ ስንገባ ሰው ሁሉ አበዱ አለን፣ እኛም አንዳንድ ቀን እንደዚያ ነበር የምናስበው። አሻንጉሊቷን አቁመን ፎቶ እናነሳለን፣ አንገቷን ለዓይን በማይታይ ልክ ዞር እናደርጋለን፣ ደግሞ እናነሳለን፣ አሥራ ሁለት ፎቶ ተነስቶ አንድ ሰከንድ ይሞላል፣ ቀኑን ሙሉ ጎብጠን ውለን ዳለቻ በሯን ከፍታ ብትወጣ ጥሩ ቀን ነበር እንላለን። ዳለቻ ዋናዋ ባለ ታሪክ ናት፣ ግራጫ ግልገል፣ አንድ ቦታ አርፋ የማትቀመጥ።

አሻንጉሊቶቹን የሚሠሩልን እትዬ ደብሪቱ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጉር ሲነድፉና ሲፈትሉ፣ ለባና እና ለዝተት፣ ለጠጉር ብርድ ልብስና ምንጣፍ፣ የሚሆን ክር ሲያዘጋጁ የኖሩ ሴት ናቸው፣ የጓሮውን ሰፊ ክፍል ለስቱዲዮ የለቀቁልንም እሳቸው ናቸው። አንድ አሻንጉሊት ጨርሰው ሲያስረክቡን ዝም ብለው አይሰጡንም፣ በአሻንጉሊቷ ድምፅ ያናግሩናል፣ «ወይንሸት፣ እጅሽ እንደ በረዶ ነው፣ ሳታሞቂው እንዳትነኪኝ» ይሉኛል በቀጭን ድምፅ፣ ሰለሞን በሳቅ ይንከተከታል። በዚያው የዳለቻ እናት ድምፅ እንዲሆኑልን ለመንናቸው፣ እሺ አሉ፣ እውነቱን ልናገርና ያን ፊልም ሰው የወደደው በእኔ ሥራ ሳይሆን በእሳቸው ድምፅ ነው። እግዜር ይስጣቸው፣ የምበላው እንጀራ የእሳቸው ነው።

አሁን ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛው፣ በእትዬ ደብሪቱ ቤት የበግ መጥሪያ ነበር፣ በጎቻቸው ብቻ ለይተው የሚያውቁት፣ ነገር ግን በጨዋታ አይወጣም፣ የጠፋ በግ ከሌለ ከማንም አፍ አይሰማም። «በከንቱ ከጠራሻት የጠፋች ቀን አታምንሽም» ነበር የሚሉት። ታሪኩ መጨረሻ ላይ ዳለቻ ጉም ውስጥ ትጠፋለች፣ እናቷ ትጠራታለች፣ ድምፁን ሰምታ ትመለሳለች፣ ታሪኩ ይኸው ነው፣ እኔም በየጊዜው «እትዬ፣ እስቲ ጥሪውን አንዴ ልቅዳው» ስላቸው፣ «መጀመሪያ ልጅቱ ትጥፋ፣ መመለሷን ስትሠሩ ያን ቀን አንዴ እጠራታለሁ» ብለው ይዘጉኛል። ስለዚህ ያን ጥሪ በሕይወት ሳሉ ሰምቼው አላውቅም።

ሁለተኛው፣ አንድ ቀን ጉም ወርዶ ደጁ ሲጠፋ ከቤት ውስጥ ጠሩኝና «አቤት» ብዬ እየሮጥኩ ስገባ ተቆጡኝ። «ጉም ውስጥ ስትጠሪ ባንዴ አቤት አትበይ፣ ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ ሰው ከሆነ ይደግማል» አሉ። «ሰው ካልሆነስ?» አልኳቸው እየሳቅኩ። «ካልሆነማ ምን ሥራ አለሽ ከሱ ጋር» አሉና እንዝርታቸውን ማሾር ቀጠሉ። እኔም ስቄ ተውኩት።

በሰኔ ታመሙ። ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል ያን ሰሞን ነበር የተላለፈው፣ ዳለቻ ጉም ውስጥ ቆማ ግራ ቀኝ ስታይ ያልቃል፣ መሐል ሜዳ ገበያ ስንወጣ ልጆቹ ልብሳችንን እየጎተቱ «ተገኘች?» ይሉናል፣ እኛም «ትገኛለች» እንላለን። እትዬ ደብሪቱ አልጋ ላይ ሆነው እጄን ያዙኝ። «ወይንዬ፣ ልጅቱን ጉም ውስጥ ጥላችኋት እንዳትቀሩ» አሉኝ። «እርስዎ ነዎት የሚጠሯት፣ ይነሳሉ» አልኳቸው። «ግድ የለም፣ አንቺ ቃል ግቢልኝ» አሉ፣ ገባሁላቸው። በሦስተኛው ቀን አረፉ፣ ሞላሌ ከምትኖረው ልጃቸው ከአልማዝ ጎን ቆሜ እንደ እናቴ አለቀስኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጭንቀት አይነገርም። ጣቢያው የመጨረሻውን ክፍል ለእንቁጣጣሽ ሳምንት ፈልጎታል፣ ጥሪው የለንም። ሰለሞን «ተዋናይት እናስመጣ» አለ፣ አንዲቷን በስልክ ሞከርናት፣ ጎበዝ ናት፣ ግን ዳለቻ እንግዳ ሴት ጠርታት የምትሄድ ልጅ መሰለችኝ፣ ተውኩት። ሞላሌ ሄጄ አልማዝን ለመንኳት። «እኔ የጠፋ በግ የለኝም እኮ ወይንሸት» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እናቴ አርባዋ ሳይወጣ መጥሪያዋን በማሽን ውስጥ ላለች በግ አላወጣም፣ አትቀየሚኝ።» አልተቀየምኳትም፣ ልክ ነበረች። በመጨረሻ ያለ ጥሪው እንጨርስ አልን፣ ጉሙ ቀስ እያለ ዳለቻን ይሸፍናታል፣ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል፣ አለቀ። ሰለሞን «ይሄም ያምራል» አለ፣ ያምራል፣ ግን ቃል የገባሁት ሌላ ነው፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቀኑ ነሐሴ ውስጥ ነበር፣ ፎቶዎቹ የተቀዱበት ካርድ ቅዳሜ በአውቶቡስ መሄድ አለበት፣ ይህ የሆነው ደግሞ ሐሙስ ነው። ለፊልሙ የሚሆነውን ጉም የሠራነው ከጠጉር ነው፣ እትዬ ደብሪቱ ከመተኛታቸው በፊት ነድፈው በማዳበሪያ ከረጢት ካስቀመጡት፣ ሳሳ አድርገን ከሌንሱ ፊት እናንሳፍፈዋለን። ዳለቻን መሃል ላይ አቆምናት፣ ፊቷን ወደ ግራ፣ ወደ ጉሙ አዞርናት፣ ሰለሞን ካርዱን የሚወስድልን ሾፌር ለማናገር ወደ መናኸሪያ ሄደ። ውጭው ላይ እውነተኛው ጉም ወርዷል፣ ግቢው አይታይም፣ እኔም ለመጨረሻው ትዕይንት የሚሆን የጉም ዝምታ ልቅዳ ብዬ መቅረጫዬን ይዤ ወጣሁ። በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፣ ይህን ሺህ ጊዜ አስቤዋለሁና እመኑኝ፣ ቆልፌዋለሁ።

ከጓሮው የድንጋይ ካብ አጠገብ ቆምኩ። ጎረቤት የተረከባቸው የእትዬ ደብሪቱ በጎች ካቡ ሥር ይግጣሉ፣ ስድስት ወይ ሰባት ናቸው፣ ከእነሱ ወዲያ ነጭ ብቻ ነው። መቅረጫውን ከፈትኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ትንሽ ቆይቶ ከቤቱ በኩል ድው… ድው… የሚል ድምፅ መጣ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ማዶ ስሰማው ኖሬያለሁ፣ የደጋን ድምፅ ነው፣ ጅማት የተወጠረበት ጠጉር መንደፊያቸው። ጎረቤት ይሆናል አልኩ፣ ቅጂውን አበላሹብኝ ብዬም ተናደድኩ፣ ቆይቼ ሳስበው ግን በዚያ ሰፈር ከእትዬ ደብሪቱ ሌላ የሚነድፍ አልነበረም፣ የእሳቸው ደጋን ደግሞ እኔው በቆለፍኩት ክፍል ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

ድምፁ ቆመ። ያኔ በጎቹ መጋጥ አቆሙ፣ ሁሉም፣ ባንድ ጊዜ፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው ወደ ቤቱ አዞሩ። ቀጥሎ ከጉሙ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ፣ ጮክ ያለ አይደለም፣ ረጋ ያለ፣ «ትርርር… ልሜ ነይ… ደጅሽ ይኸው» አለ። እኔም፣ ምን ልበላችሁ፣ እትዬ ደብሪቱ በሕይወት ሳሉ ምሳ ቀርቧል ሲሉኝ አደርገው እንደነበረው፣ ሳላስብ «አቤት» አልኩ።

ካልኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ቆምኩ፣ እስኪደገም ጠበቅኩ፣ በጎቹ መጋጣቸውን ቀጠሉ እንጂ ምንም አልመጣም። ተመልሼ በሩን ከፈትኩ። ደጋኑ ሚስማሩ ላይ ነው፣ ካሜራው ቦታው ላይ ነው፣ ዳለቻ ግን ፊቷን ወደ በሩ አዙራለች።

አይጥ ነው አልኩ፣ እናንተም እንደዚያ እያላችሁ ይሆናል። ሰለሞን መጣ፣ «ነክተሃታል?» አልኩት፣ «ወጥተሽ የቆለፍሽው አንቺ» አለኝ፣ ካሜራውን ከፈተና ወደ እኔ አዞረው። ሰባት ፎቶ ተጨምሯል። በመጀመሪያው ዳለቻ ወደ ግራ ታያለች፣ በሁለተኛው አንገቷ በጣም ጥቂት ዞሯል፣ በሦስተኛው ጥቂት ተጨምሯል፣ እንዲህ እያለ በሰባተኛው በሩን ታያለች። እኔ የሥራው ሰው ነኝና ልንገራችሁ፣ እንዲህ እኩል አድርጎ ለማዞር እኔ ራሴ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። የካሜራው ቁልፍ አልፎ አልፎ ራሱን ይጫን ነበር፣ ይሁን፣ አንገቷንስ ማን አዞረው?

መቅረጫውን አጫወትነው። ነፋስ አለ፣ የበጎቹ ግጦሽ አለ፣ ደጋኑ የለም፣ ጥሪው የለም፣ ከዚያ ጥርት ብሎ የእኔ «አቤት» አለ። «ማንን ነው አቤት ያልሽው?» አለኝ ሰለሞን። ነገርኩት፣ መቅረጫውን ደግሞ አጫወተውና «እንጠቀምበት» አለ።

ተጠቀምንበት። ሰባቱን ፎቶ እንዳሉ አስገባን፣ ከእነሱ ቀጥለን ዳለቻን በጉሙ ውስጥ አራምደን ቤቷ አስገባናት፣ ዓርብን ሙሉ ሳንተኛ። ፊልሙ ላይ ጥሪ የለም፣ ዝምታ ነው፣ ዳለቻ ዞር ትላለች፣ «አቤት» ትላለች፣ ትሄዳለች። እዚያ ላይ ያለው ድምፅ የእኔ ነው።

በበዓሉ ሳምንት መሐል ሜዳ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ከልጆችና ከወላጆቻቸው ጋር አብረን አየነው፣ አልማዝም ከሞላሌ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ትዕይንቱ ደረሰ፣ ዝም ተባለ፣ ዳለቻ ዞረች፣ «አቤት» አለች፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። ሰለሞን ከፊታችን ወደተቀመጠች አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ጎንበስ ብሎ «እንዴት አወቀች ቤቷን?» አላት። «እናቷ ጠራቻት እኮ» አለች፣ እኛን የማይሰሙ ሰዎች አድርጋ እያየችን። «ምን ብላ?» አላት። «ትርርር፣ ልሜ ነይ፣ ደጅሽ ይኸው።» ከኋላ ያሉት ልጆችም አብረው አሉት፣ በዚያው ዜማ፣ ወላጆቻቸው እርስ በርስ ይተያያሉ፣ እነሱ የሰሙት ነገር የለም። ያን ቃል ከእኔ፣ ከሰለሞንና ከአልማዝ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፣ ሰለሞን ዜማውን አልሰማውም፣ አልማዝ ደግሞ ለማንም አላወጣችውም።

አልማዝ እጄን ጨብጣኝ ነበር፣ ጥፍሯ እስኪሰማኝ። «ማን ሰጣችሁ?» አለችኝ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት፣ ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እሷ ግን አማተበችና «እንግዲህ እጠራታለሁ ብላ ነበር፣ ጠርታታለች» አለች፣ ሁለታችንም እዚያው ተቃቅፈን አለቀስን። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ፊልሙ ዛሬም በየክረምቱ ይደገማል፣ መሐል ሜዳ አሻንጉሊት የሚሠሩ ሴቶች ሞልተዋል፣ ዳለቻ የማትባል ግራጫ ግልገል የለችም። በቅርቡ ዓለም ከተማ ለሥራ ሄጄ፣ የማላውቃቸው ልጆች መንገድ ላይ በዚያው ዜማ ሲጠራሩ ሰማሁና መኪናውን አስቁሜ አዳመጥኳቸው። ለእትዬ ደብሪቱ የገባሁትን ቃል እኔ አልጠበቅኩትም፣ እሳቸው ናቸው የጠበቁልኝ፣ እስክሞት አመሰግናቸዋለሁ። አሁንም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፣ ጉም በወረደ ቁጥር ሥራዬን አቆምና ካቡ አጠገብ ወጥቼ እቆማለሁ፣ አቤት ያልኩት ለመጀመሪያው ጥሪ ነውና። ሰው ከሆነ ይደግማል ብለውኛል። እስካሁን አልተደገመም።