የኦክቶፐሱ ደጃፍ

የኦክቶፐስ ጉድጓዶችን እንድትቆጥር የተላከችው ታሂሪ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ እንደቆመች ክው ብላ ቀረች። በአንዱ ጉድጓድ ውስጥ ኦክቶፐሱ የለም። ኦክቶፐሶቹ የሚኖሩበት የኮራል አለት፣ እንዲራቡ ተብሎ ለሦስት ወር ከአጥማጅ ተከልሎ ሊከፈት የቀረው ሁለት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ጦር ይዞ የገባ ሰው በመክፈቻው ቀን እንዳያጠምድ መንደሩ ራሱ ሕግ አውጥቷል። እኛ ቬዞዎች፣ የማዳጋስካር ዓሣ አጥማጆች፣ ከባሕር በቀር የምንፈራው አልነበረንም፤ ይህን ሕግ ግን እንፈራለን።

ያስደነገጣት የጉድጓዱ ባዶነት አይደለም። ሌባው የጉድጓዱን አፍ በሦስት ድንጋይ መልሶ ዘግቶታል፤ በስተምሥራቅ ጣት የምታሾልክ ክፍተት ትቶ። በመንደሩ እንዲህ የምትዘጋ አንዲት ሴት ብቻ ናት። «ቤቱን ካልጠገንሽለት ሌላ አይገባበትም» እያለች ያስተማረቻት እናቷ፣ የጥበቃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ቬሉሱዋ። እጇ የለመደውን ሠርቶ አጋለጣት።

ከትናንት ወዲያ የበሉት የኦክቶፐስ ወጥ ትዝ አላት። አክስቷ የላከችው ነው ተብላ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ከወባ ገና እያገገመ ነው፣ ቤት ውስጥም ከካሳቫ ሌላ አልነበረም። ይገባታል። ቢሆንም ተናደደች።

ከሰዓት በኋላ፣ በቆጠራው አንድ ኦክቶፐስ መጉደሉ ተሰምቶ፣ መንደሩ ከሮቃው ዛፍ ሥር ሲሰበሰብ ተከሳሽ ተገኝቶ ነበር፤ ከደቡብ የመጣችው ኒሪና፣ ባሏ የሞተባት። ቀሚሷ ርሶ ከባሕር ስትመለስ ታይታለች። ከተከለለው ቦታ ውጭ ቀንድ አውጣ ስለቅም ነው ብትልም ለመጤ ማን ይመሰክራል።

«ቀንድ አውጣው ስምንት እጅ ነበረው እንዴ?» አለ አንድ ሽማግሌ። ሰው ሳቀ።

«ከመክፈቻው ካስቀራችሁኝ ልጆቼን ምን ላብላ?» አለች ኒሪና።

ቬሉሱዋ አልሳቀችም። የሕጉን ወረቀት ይዛ መሬት መሬት ታያለች። እንደ ሥርዓቱ ያየ ሰው ካለ እንዲናገር ጠየቀች።

ታሂሪ እናቷ አሁን እውነቱን ታወጣለች ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ በኒሪና ላይ ልትፈርድ ተዘጋጀች። ከጉድጓዱ ይልቅ ይኼ አስደነገጣት፤ እናቷን የማታውቃት መሰላት።

ተነሣች። ሄዳ ከኒሪና ጎን ቆመች።

«እኔ የጉድጓዱን ድንጋዮች አይቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ግን እማዬ፣ መጀመሪያ አንቺ ተናገሪ።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ታሂሪ ዓይኗን አልሰበረችም፤ አልተቀመጠችምም።